አዛዣቸውን ያልተዉ መርከበኞች

በአሜሪካ ባሕር ኃይል መዝገብ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ወረቀቶችን የያዘ የአንድ መኮንን ማኅደር አለ። አንደኛው በዲሴምበር 1945 የተሰጠ የጥፋተኝነት ፍርድ ነው። ሁለተኛው በጁላይ 2001 የገባ ሲሆን፣ መኮንኑ ለመርከባቸው መስጠምና ለሰዎቻቸው እልቂት ተወቃሽ አይደሉም ይላል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛውን ወረቀት እዚያ ያስገባው ይግባኝ ሰሚ ችሎት አይደለም። በወጣትነታቸው አብረው ከባሕር የወጡ፣ ከዚያም አብረው ያረጁ መርከበኞች ናቸው። ጓድ ለጓዱ ሲመሰክር ሰሚው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ አብሮ የበላ፣ አብሮ የተሰቃየ ሰው ፍቅሩ ዓይኑን ሊጋርደው ይችላል። የካፒቴን ቻርልስ በትለር ማክቬይ ታሪክ ግን ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስደኛል። በእሳቸው ጉዳይ የመርከብ ጓዶቹ ፍቅር እውነቱን አልሸፈነም፤ እንዲያውም እውነቱን ሳይበሰብስ ያቆየው ጎተራ እሱ ነበር። ይህን ለማየት ነገርን ከሥሩ ነውና ከልደታቸው መነሣት ይሻላል።

ማክቬይ በጁላይ 31 ቀን 1898 በፔንስልቬንያ ግዛት ኤፍራታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አድሚራል ነበሩ፤ የአሜሪካን የእስያ የጦር መርከቦች ጓድ እስከ ማዘዝ የደረሱ ሰው። ልጅየው የአባታቸውን ስም ብቻ ሳይሆን ሙያቸውንም ወረሱ። በ1919 ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየጨመሩ ሄዱ። ከመጀመሪያ ሚስታቸው፣ የሃዋይ ተወላጅ ከሆኑት ኪናው ዋይልደር፣ ቻርልስና ኪሞ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ፤ በኋላም ሉዊዝ ክሌይተር የተባሉ ሴት አገቡ። በ1943 በሰሎሞን ደሴቶች ውጊያ ላይ ላሳዩት ጀግንነት የብር ኮከብ ሜዳይ ተሸልመዋል። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው የሹመት ዝርዝር ለመደርደር አይደለም። ባሕር ኃይሉ በኋላ ችሎት ፊት ያቆመው ሰው እንግዳ እንዳልነበረ፣ የቤቱ ልጅ እንደነበረ ለማስታወስ ነው። በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ውስጥ የመርከብ አዛዥ መዋረድ የአንድ ሰው ውርደት ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ኋላ አባትን፣ ወደ ፊት ልጆችን ይነካል። ኪሞ ሽማግሌ እስኪሆን ድረስ ለዚህ ጉዳይ የደከመበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በኖቬምበር 1944 ማክቬይ የከባዷን ክሩዘር የኢንዲያናፖሊስን አዛዥነት ተረከቡ። መርከቢቱ በ1932 አገልግሎት የጀመረች፣ 186 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ከጦርነቱ በፊት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ይዛ ደቡብ አሜሪካ ድረስ የተጓዘች፣ በጦርነቱም ጊዜ የአድሚራል ስፕሩዋንስ ዋና መርከብ የሆነች ባለ ዝና ነበረች። በማርች 31 ቀን 1945 በኦኪናዋ አቅራቢያ አንድ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን ወደቀባት። 9 ሰዎች ሞቱ፣ ታችኛው አካሏም ተበሳ። ማክቬይና ሰዎቻቸው ግን ሰፊውን ውቅያኖስ በራሷ ሞተር አሻግረው ካሊፎርኒያ አደረሷት። ከችሎቱ በኋላ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን ይዘልሉታል። እኔ ግን የኋለኛው ታማኝነት መነሻው እዚህ ነው ባይ ነኝ። የአንድ አዛዥ ማንነት ለበታቹ የሚገለጠው መርከብ ሲጎዳ ነው፤ ከዚያ በፊት አዛዥ ማለት ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ነው። መርከቢቱ ስትጠገን ብዙ አዲስ ምልምሎች ገቡ። ከጥቂት ወራት በፊት ተማሪ የነበሩ ልጆች ኦኪናዋን ካዩት ጋር ተቀላቅለው በአጠቃላይ 1,195 ሰዎች ሆኑ።

በጁላይ 16 ቀን 1945 ኢንዲያናፖሊስ ከሳን ፍራንሲስኮ ወጣች። ያን ቀን ንጋት ላይ በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ተሞክሮ ነበር፤ መርከቢቱም ሂሮሺማ ላይ ለሚጣለው ቦምብ የሚሆኑ ዋና ክፍሎችንና ዩራኒየም ጭና ነበር። ምን እንደያዙ አዛዡም አልተነገራቸው። ጭነቱን በጁላይ 26 ቲኒያን ደሴት አራግፈው ወደ ጉዋም አለፉ፤ ከዚያም በፊሊፒንስ ወደምትገኘው ሌይቴ እንዲሄዱ ታዘዙ። ማክቬይ አጃቢ መርከብ ጠየቁ፤ አያስፈልግም ተባሉ። ሰርጓጅ መርከብን የሚፈልግ መሣሪያ የሌላት ክሩዘር ያን መንገድ ብቻዋን ልትቆርጥ ሆነ። ከጥቂት ቀናት በፊት በጁላይ 24 አንደርሂል የተባለች አጃቢ መርከብ በዚያው አካባቢ መስጠሟ አልተነገራቸውም። የአሜሪካ የስለላ ክፍል የጃፓንን የሚስጥር ኮድ ፈትቶ ሰርጓጆች በመንገዱ ዙሪያ መሰማራታቸውን ቢያውቅም፣ ኮዱ መፈታቱ እንዳይነቃ ሲባል ወሬው ከጥቂት አለቆች አልወረደም። የተሰጣቸው ትእዛዝ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ መጓዙን፣ ያንን የእባብ አካሄድ፣ ለአዛዡ ውሳኔ የተወ ነበር። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የሚሄዱባት ሌይቴ ለአንዲት በእኛ ዘንድ ለምትታወቅ መርከብም እንግዳ አልነበረችም። በ1944 መጨረሻ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ መርከብ በዚያው ባሕረ ሰላጤ አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላኖችን ስትከላከል ነበር፤ ይህችው ኦርካ ናት በ1962 ምጽዋ መጥታ «ኢትዮጵያ» የተባለችው፣ ለሠላሳ ዓመት ያህልም የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆና ያገለገለችው።

በጁላይ 29 ምሽት ሰማዩ ደመናማ፣ እይታውም ደካማ ነበር። ማክቬይ ጨለማው ሲይዝ የእባቡ አካሄድ እንዲቆም አዘዙና ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኩለ ሌሊት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጨረቃዋ በደመናው ቀዳዳ ብቅ ስትል፣ በኮማንደር ሞቺትሱራ ሃሺሞቶ የምትመራው አይ-58 የተባለች የጃፓን ሰርጓጅ መርከቢቱን በጨረቃዋ ብርሃን አየቻት፤ ስድስት ቶርፔዶም ተኮሰች። ሁለቱ አገኟት። አንደኛው አፍንጫዋን ቆረጠው፣ ሌላኛው ወገቧን መታት። መብራትና ስልክ ወዲያው ስለተቋረጡ መርከቢቱን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ በድምፅ ማጉያ ሳይሆን ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር የተላለፈው። በ12 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። 300 ያህሉ አብረዋት ሄዱ፤ 900 የሚጠጉት ውሃ ላይ ቀሩ፤ አብዛኞቹም ጀልባም ተንሳፋፊ ታንኳም አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት ናቸው የዚህ ጓድነት ትክክለኛ መዝገብ፤ ይህንንም ሳያሳምሩ ማየት ይገባል። ሰዎቹ በወጀቡ ተበታትነው ብዙ ማይሎች በሚሸፍን ባሕር ላይ በቡድን በቡድን ተንሳፈፉ። ማክቬይ ራሳቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉባቸው ታንኳዎች ላይ ነበሩና ሌላ የተረፈ አለ ብለው አላሰቡም። ትልቁ ቡድን ውስጥ የመርከቢቱ ሐኪም ሉዊስ ሄይንስና ካህኑ ቶማስ ኮንዌይ ነበሩ። ሐኪሙ መድኃኒት አልነበራቸውም። የቀራቸው ሥራ የሞተውን ከደከመው መለየት ነበር፦ ዓይኑን ነክተው ካልተርገበገበ ጃኬቱን ፈትተው ለሌላ ይሰጣሉ፣ ጸሎት አድርሰው አስከሬኑን ይለቃሉ። ካህኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዋኙ ሲያጽናኑ ጉልበታቸው አለቀ፤ እርዳታ ከመድረሱ በፊት አረፉ። ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ የመርከቢቱ ዘይት ዓይን ያጠፋል፣ ሻርኮቹም አልራቁም። ይሁን እንጂ ብዙዎችን የገደለው ጥሙ ነበር። የባሕሩን ውሃ የጠጡ አእምሯቸውን ሳቱ፤ ንጹሕ ውሃ ያለባት መርከብ ከታች ቆማለች እያሉ ጠልቀው የቀሩ አሉ፤ ጓዳቸውን ጃፓናዊ መስሏቸው በቢላዋ የወጉም ነበሩ። ይህን ከነገሩን የሚበዙት ራሳቸው የተረፉት ናቸው። ስለ ራሱ ቡድን እንዲህ ያለ ነውር የማይደብቅ ምስክር፣ ስለ አዛዡ ሲናገር እንዲዋሽ የሚገፋው ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ጓድነታቸው የመላእክት ማኅበር አልነበረም፤ አንዱ አንዱን በቀበቶ አስሮ ያሳደረበትም፣ አንዱ አንዱን የፈራበትም ሌሊት ነበር። ከጦር ሜዳ መጽሐፍ ከሚቀዳ ወንድማማችነት ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ሌይቴ ውስጥ ደግሞ ማንም አልጠበቃቸውም። የጦር መርከብ ሲደርስ ሪፖርት አያስፈልግም የሚል መመሪያ ነበረ፤ የወደቡ ሰዎች ይህንኑ ሳይደርስ ሲቀርም ሪፖርት አያስፈልግም ብለው ተረጎሙት። መርከቢቱ በጁላይ 31 ትደርሳለች የተባለች ብትሆንም ቦርዱ ላይ ስሟ እንደ ደረሰች ተቆጥሮ ታለፈ። በኦገስት 2 ረፋድ ላይ የቅኝት አውሮፕላን አብራሪው ዊልበር ግዊን የተበላሸ አንቴና ሲያስተካክሉ ወደ ታች ተመልክተው ዘይት ተንሳፍፎበት የሚያብረቀርቅ ባሕር አዩ፤ ቀረብ ሲሉ የሰው ጭንቅላቶች ሆኑ። ኤድሪያን ማርክስ የተባሉ ሌላ አብራሪ በክፍት ባሕር ላይ ማረፍ ተከልክሎ ሳለ አውሮፕላናቸውን አሳርፈው 56 ሰዎችን አወጡ፤ ውስጡ ሲሞላ በክንፎቹ ላይ አሰሯቸው። ሌሊት ላይ ቀድማ የደረሰችው መርከብ የግራሃም ክሌይተር መርከብ ነበረች። ክሌይተር ለጠላት ሰርጓጅ መገለጣቸው ሳያስፈራቸው ትልቁን መብራት ወደ ሰማይ አበሩት፤ ተስፋ ቆርጦ ሊሰጥም የነበረ ብዙ ሰው ያን ብርሃን አይቶ ነው የጸናው። ክሌይተር የማክቬይ ሚስት ዘመድ መሆናቸው የዚህ ታሪክ እንግዳ አጋጣሚ ነው። በሕይወት የወጡት 316 ብቻ ናቸው፤ 879 ሰዎች ጠፉ።

የመርከቢቱ መስጠም ለሕዝብ የተነገረው ጃፓን እጅ መስጠቷ በተሰማበት ዕለት፣ በኦገስት 14 ነበር። አገሩ በሆታ ሲጨፍር 879 ቤቶች መርዶ ተቀበሉ። በድል ማግሥት የመጣ ሐዘን መራራ ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ልጄ ለምን ሞተ ለሚል ወላጅ ጠላት የሚባል መልስ አይበቃውም። ባሕር ኃይሉም መልስ ማቅረብ ነበረበት። ጉዋም ላይ የተቀመጠው አጣሪ ጉባኤ ማክቬይ እንዲከሰሱ ሐሳብ አቀረበ። የፓስፊክ ጦር መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ በተግሣጽ ደብዳቤ እንዲያልቅ ፈለጉ፤ የባሕር ኃይሉ የበላይ አድሚራል ኪንግ ግን የጦር ፍርድ ቤት አሉ። ችሎቱ በዲሴምበር 3 ቀን 1945 ዋሽንግተን ውስጥ ተከፈተ። ክሶቹ ሁለት ነበሩ፦ የእባቡን አካሄድ በመተው መርከቢቱን ለአደጋ ማጋለጥና መርከቢቱን ልቀቁ የሚለውን ትእዛዝ በጊዜው አለመስጠት። ከሁለተኛው ነጻ ወጡ። በመጀመሪያው ጥፋተኛ ተባሉ።

ለዚህ ፍርድ የሚከራከር ሰው የሚያቀርበው ነጥብ ቀላል አይደለም። በባሕር ሕግ አዛዥ ለመርከቡ ሙሉ በሙሉ ተጠያቂ ነው፤ ማክቬይም የእባቡ አካሄድ እንዲቆም ማዘዛቸውን አልካዱም። በ1996 የባሕር ኃይሉ የሕግ ክፍል ጉዳዩን እንደገና መርምሮ ችሎቱ ሕጋዊ ነበር ያለው በዚሁ መሠረት ነው። እኔም ሥርዓቱ ተጥሷል አልልም። ተጠያቂነትና ጥፋት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። አዛዥ ለሆነው ሁሉ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ያደረገው ወይም የተወው ነገር ጉዳቱን ሲያመጣ ወይም ለጉዳቱ በር ሲከፍት ነው። ችሎቱ ራሱ ከጃፓን ያስመጣቸው ምስክር፣ ቶርፔዶውን የተኮሱት ሃሺሞቶ፣ መርከቢቱ ብትጠማዘዝም እመታት ነበር አሉ። የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበሩ ባለሙያም የእባቡ አካሄድ እምብዛም እንደማይጠቅም ተናገሩ። በዚያ ጦርነት ከ300 በላይ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በጠላት ሰጥመዋል፤ መርከባቸው በውጊያ በመስጠሟ ለጦር ፍርድ ቤት የቀረቡት አዛዥ ግን ማክቬይ ብቻ ናቸው። የሌይቴ ወደብ መኮንኖች የተግሣጽ ደብዳቤ ተጻፈባቸውና ዓመቱ ሳያልቅ ተነሣላቸው። ሕጉ ለሁሉም ቢጸና ኖሮ ስለ ጽናቱ መከራከር ይቻል ነበር። ዳኞቹም ቢሆኑ ፈርደው ሲያበቁ ምሕረት እንዲደረግላቸው ጠየቁ፤ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ፎሬስታል በ1946 መጀመሪያ ቅጣቱን አነሡ። የፍርዱ ቃል ግን ቀረ። ቅጣቱን ለመጫን ያፈረ፣ ፍርዱን ለመተው ግን ያልደፈረ ተቋም ነበር ማለት ነው።

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ማክቬይ እስከ 1949 በኒው ኦርሊንስ ሠርተው በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ፤ ደብዳቤው ግን ጡረታ አልወጣም። የሟቾች ቤተሰቦች በየበዓሉ፣ በየዓመቱ ይጽፉላቸው ነበር። ልጃችንን ባትገድል ኖሮ ዘንድሮ ከእኛ ጋር በዓል ያከብር ነበር የሚል ይዘት ያላቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ሉዊዝ እነዚህን ከባላቸው ይደብቁ እንደነበር ይነገራል፤ ሉዊዝም በ1961 በካንሰር ሞቱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሆኖ ነበር። በጁላይ 1960 በባሕር ወታደርነት ከመርከቢቱ የተረፉት ጃይልስ ማኮይ ከሌሎች ጋር ሆነው የተረፉትን በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ሰበሰቡ። ማክቬይ ለመሄድ ፈርተው ነበር፤ ሰዎቹ ምን ይሉኝ ይሆን የሚል ፍርሃት። መርከበኞቹ ግን በወታደራዊ ሰላምታ ተቀበሏቸው። ችሎት ፊት ከቆሙ ከ15 ዓመት በኋላ የሰሙት ሁለተኛ ፍርድ ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ አላዳናቸውም። በኖቬምበር 6 ቀን 1968 በኮነቲከት ግዛት ሊችፊልድ ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ።

እዚህ ላይ ለሙግቴ ትልቁ እንቅፋት ይነሣል፤ ሊሸሽም አይገባም። የጓዶች ፍቅር ይህን ያህል ኃይል ካለው ስለ ምን ሰውየውን አላቆመም? ሌላም አለ፦ 316 ሰዎች ስለ 879 መናገር ይችላሉ ወይ? የተረፈ ሰው አዛዡን ይቅር ቢል ልጁን ላጣ አባት ምኑ ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ፣ አይችሉም፤ አልሞከሩምም የሚል ነው። የሐዘንተኞቹ ቁጣ እውነተኛ ነበር፤ ስህተቱ የተሳሳተ በር መድረሱ ነው፣ በሩን ያሳያቸውም የባሕር ኃይሉ ፍርድ ነው። አጃቢ ማን ከለከለ፣ የሰርጓጆቹን ወሬ ማን ያዘው፣ አለመድረሷን ማን ዝም አለ የሚሉት ጥያቄዎች ለቤተሰቦቹ ቀርበው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ሌላ አድራሻ ባገኘ ነበር። ስለ መጀመሪያው ግን ማመን ያለብኝ ነገር አለ። የጓዶች ሰላምታ በዓመት አንዴ ወይም በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ደብዳቤው በየጊዜው ይመጣል፤ ፍርዱ ደግሞ ከሰውየው ጋር ይተኛል። የሰው ፍቅር የመንግሥትን ወረቀት አይሽርም። የተረፉት መርከበኞች ከ1968 በኋላ ሰላምታው እንደማይበቃ፣ ወረቀቱ ራሱ መለወጥ እንዳለበት የተረዱት ይህን አይተው ይመስለኛል።

የጓዶቹ ምስክርነት የሚታመነው በፍቅራቸው አይደለም። መርከቢቱን አደጋ ላይ የጣሉት ማክቬይ ከሆኑ፣ የጥፋቱ ሰለባዎች መጀመሪያ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ዘይት የጠጡት፣ ቆዳቸው የተላጠው፣ ባልንጀራቸው በእጃቸው ላይ የሞተባቸው እነሱ ናቸው። ማንም ሰው ተበዳዩ ለተከሳሹ ሲመሰክር ከዘመድ ምስክርነት ለይቶ ይሰማዋል፤ በእኛም አገር የሽማግሌ ጉባኤ ውስጥ የሟች ወንድም ገዳዩ እሱ አይደለም ካለ ነገሩ ይመዘናል እንጂ ዝም ብሎ አይታለፍም። የልጅ ምስክርነት እንዲህ አይደለም። ኪሞ ማክቬይ ሃዋይ ውስጥ የሙዚቃ ሰዎችን እያስተዋወቀ ይኖር የነበረ፣ የአባቱን ስም ለማደስ ለዓመታት የለፋ ሰው ነው፤ ግን ልጅ ነውና ሰሚው የሚያውቅለት ሐዘኑን ነው። የመርከበኞቹ ድምፅ ሲታከልበት ግን ሐዘኑ ማስረጃ ሆነ። ቤተሰብ ያለ ጓድ፣ ጓድ ያለ ቤተሰብ ይህን ጉዳይ ዳር አያደርሱትም ነበር የምለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ስሙን፣ ሌላው የሌሊቱን እውነት ይዞ መጣ።

ዓመታቱ ሲያልፉ ሌላ ነገር ተከፈተ። የኮድ ፈቺዎቹ መዛግብት ይፋ ሲሆኑ፣ መርከበኞቹ ለምን አልተነገረንም እያሉ ሲጠይቁት የኖሩት ነገር በመንግሥት በራሱ ወረቀት ተረጋገጠ። ሃሺሞቶም ጡረታ ወጥተው በኪዮቶ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ካህን ሆነው ነበር፤ በ1990 ፐርል ሃርበር መጥተው ከሰጠመችው መርከብ ሰዎች ጋር ተገናኙ። ገዳይና ተራፊ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ደስ የማይላቸው የሟች ዘመዶች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። መርከበኞቹ ግን የጠላት አዛዥ ያደረገውን እንደ ወታደር ሥራ ሲቀበሉ፣ የራሳቸው ባሕር ኃይል በአዛዣቸው ላይ ያደረገውን ሊቀበሉ አልቻሉም። ይህ ልዩነት ፍቅራቸው ጭፍን እንዳልነበረ ያሳያል፤ ጭፍን ቢሆን ኖሮ ጥላቻውም ጭፍን በሆነ ነበር።

በ1996 ከፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ከተማ ሃንተር ስኮት የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ስለ ሻርክ በተሠራ ታዋቂ ፊልም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ስለዚች መርከብ ሲናገር ሰማና የትምህርት ቤት የታሪክ ሥራ አደረገው። ወደ 150 ለሚጠጉ ተራፊዎች ጥያቄ ላከ፣ አነጋገረ፣ ሰነድ ሰበሰበ። ጋዜጦች ታሪኩን አራገቡት፤ የምክር ቤት አባላትም ሰሙ። እዚህ ላይ ጉዳዩን የፈታው ልጁና ቴሌቪዥኑ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ለ50 ዓመት ምን ሠሩ የሚል ሰው አለ። ልጁ ግን ባዶ ሜዳ ላይ አልደረሰም። በየተራፊው ቤት የቆየ ወረቀት፣ ፎቶግራፍና ሳይቀያየር የቆየ ትዝታ ነበር የጠበቀው፤ ሰዎቹም እርስ በርሳቸው አድራሻ ይዘው የሚጠያየቁ ማኅበር ባይሆኑ ኖሮ አንድ ልጅ 150 ሰው ከየት ያገኝ ነበር? ቀድሞ በር ሲያንኳኩ የኖሩት እነሱ ነበሩ፤ በሩ ሳይከፈት የቀረው አንኳኪዎቹ አሮጌ ወታደሮች ስለሆኑ ነው ቢባል አላጋነንኩም። በኢንዲያናፖሊስ ስም የተሰየመችው ሰርጓጅ መርከብ የመጨረሻ አዛዥ ካፒቴን ዊልያም ቶቲም ከውስጥ ሆነው ደገፏቸው፤ ይህም ቀላል ነገር አልነበረም፣ ዩኒፎርም ለብሶ የራስን ተቋም ፍርድ መተቸት ነውና።

በሴፕቴምበር 1999 በሴናተር ቦብ ስሚዝ ጥረት የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ጉዳዩን ሰማ። ልጁም ተራፊዎቹም ቀርበው ተናገሩ። በኖቬምበር ደግሞ ሃሺሞቶ ከጃፓን ለሴናተር ጆን ዋርነር ደብዳቤ ላኩ፤ በመካከላችን ስለተደረገው ጦርነት ይቅር ተባብለናልና ሕዝባችሁም ማክቬይን ይቅር የሚልበት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር መንፈሱ። በኦክቶበር 2000 ምክር ቤቱ ማክቬይ ለመርከቢቱ መጥፋት ተወቃሽ ሊሆኑ አይገባም የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኦክቶበር 30 ፈረሙት። ሃሺሞቶ ከአምስት ቀን በፊት፣ በኦክቶበር 25፣ ሞተው ነበር። በጁላይ 2001 የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጎርደን ኢንግላንድ የምክር ቤቱ ቃል በማክቬይ ማኅደር ውስጥ እንዲገባ አዘዙ፤ መርከበኞቹም በአንድነት የምስጋና ሽልማት ተሰጣቸው። ኪሞ ያን ዓመት አልዘለቀም፤ በ2001 አረፈ። የፍርዱ ወረቀት ግን አልወጣም። የጦር ፍርድ ቤትን ውሳኔ ምክር ቤት አይሽርምና ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይህን ጉድለት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ፍርዱ ተነቅሎ ቢወጣ ኖሮ በሰውየው ላይ የተደረገውም አብሮ በተሰወረ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የቁጥርና የቦታ ጉዳይ ነበር። በኦገስት 2017 የፖል አለን የምርምር መርከብ የኢንዲያናፖሊስን አካል ከ5,500 ሜትር ጥልቀት ላይ አገኘው፤ የመርከቢቱ ቁጥር 35 ጎኗ ላይ ገና ይነበብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የባሕር ኃይሉ የታሪክ ክፍል የስም ዝርዝሮችን አንድ በአንድ ሲያመሳክር፣ 317 እየተባለ ሲጠራ ከኖረው የተራፊዎች ቁጥር አንዱ ሰው መርከቢቱ ከሳን ፍራንሲስኮ ከመነሣቷ በፊት ወርዶ እንደነበር አወቀ። ቁጥሩ 316 ሆነ። ከመርከቢቱ ላይ የነበረው ሰው ብዛትም ከ1,196 ወደ 1,195 ወረደ። የሟቾቹ ቁጥር አልተለወጠም፤ 879 ነው።